የአቴና ሕዝባዊ አገዛዝ እና ሙስሊም ፈላስፎች፦ አል-ፋራቢ፣ ኢብኑ ሩሽድ እና ዐረብኛ ያልደረሰው መጽሐፍ

በመድረሳም ሆነ በመስጊድ ደርስ ላይ ደጋግመው ከሚነሡ ጥያቄዎች አንዱ ዴሞክራሲ ከኢስላም ጋር ያለው ዝምድና ነው። ለጥያቄው የሚሰጡት ምላሾች በአብዛኛው ሁለት ናቸው። አንደኛው ወገን «ዴሞክራሲ ማለት ሹራ ነው» ብሎ ነገሩን ያቀልለዋል። ሁለተኛው ወገን «ሕግ የማውጣትን መብት ከአላህ (ሱ.ወ) ነጥቆ ለፍጡር የሚሰጥ ሥርዓት ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው ማስረጃ አላቸው። ነገር ግን ዴሞክራሲ የሚባለው ነገር ሲጀመር ምን ይሠራ እንደ ነበር፣ ቀደምት ሙስሊም ሊቃውንት ስለ እርሱ ምን እንዳወቁና ምን ሳይደርሳቸው እንደ ቀረ ሁለቱም አይጠይቁም። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ይኸው የተዘለለ ታሪክ ነው። ጸሐፊው የሚከራከርለት ሐሳብም ይህ ነው፦ ሕዝባዊ አገዛዝ ወደ ሙስሊሞች የእውቀት ዓለም የገባው በነቃፊው በፕላቶ ብዕር ነው፤ ለእርሱ የተሰነዘረው ጠንካራ የመከላከያ ክርክር ግን አልተተረጎመም። ይህም ሆኖ አል-ፋራቢ የሰጠው ፍርድ ዛሬ እኛ ከምንሰጠው ይልቅ ሚዛናዊ ነበር።

ዕጣ፣ ሸንጎ እና ምርመራ

ቃሉ ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገጠመ ነው፤ «ዴሞስ» ሕዝብ፣ «ክራቶስ» ደግሞ ኃይል ወይም ሥልጣን ማለት ነው። ሥርዓቱ በአንድ ቀን አልተወለደም፤ የመነጨውም ከፈላስፎች ጉባኤ ሳይሆን ከዕዳ ጭቅጭቅ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ594 የአቴና ሹም የነበረው ሶሎን፣ በባለጸጎች ዕዳ ተይዘው ወደ ባርነት ይወርዱ የነበሩትን ድሆች ዕዳ ሰረዘ፤ ሰውን በራሱ አካል መያዣነት ማበደርንም ከለከለ። ሥልጣንን ግን ለሁሉም እኩል አላደረገም፤ ዜጎችን እንደ ሀብታቸው በአራት ደረጃ ከፍሎ ሹመቱን በየደረጃው መደበ።

ከዚያ በኋላ በ508 እና በ507 ክሌይስቴንስ የሠራው ሥራ ጠለቅ ያለ ነው። በጎሳ ላይ የተመሠረቱትን አራት ጥንታውያን ነገዶች ከፖለቲካው ሥራ አውጥቶ በምትካቸው ዐሥር አዳዲስ ነገዶችን አቋቋመ። በእያንዳንዱ ነገድ ውስጥም የከተማውን፣ የባሕር ዳሩን እና የመሀል አገሩን ሰው አቀላቀለ። የመመዝገቢያው መሠረት 139 ያህል ቀበሌዎች ሆኑ፤ እያንዳንዱ ቀበሌ በግሪክኛ ራሱ «ዴሞስ» ይባል ነበር። ሰው የሚታወቀው በአባቱ ጎሳ ብቻ መሆኑ ቀርቶ በቀበሌው ጭምር ሆነ። በጎሳ ትምክህት የታመሰ አገር ያየ ሰው የዚህን ለውጥ ትርጉም ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የሥርዓቱ አካላት በጥቅሉ ሦስት ነበሩ። ፕኒክስ በሚባለው ኮረብታ ላይ የሚሰበሰበው ሸንጎ ለማንኛውም ዜጋ ክፍት ነበር፤ ውሳኔውም እጅ በማውጣት ይሰጥ ነበር። ለሸንጎው አጀንዳ የሚያዘጋጀው የ500 ሰዎች ምክር ቤት ከየነገዱ 50 ሰው በዕጣ የሚወጣበት ሲሆን፣ አንድ ሰው በዕድሜው ከሁለት ጊዜ በላይ ሊያገለግልበት አይችልም ነበር። ለፍርድ ቤቶቹ ደግሞ በየዓመቱ 6,000 ዜጎች መሐላ ፈጽመው ይመዘገቡና ለየጉዳዩ በመቶዎች እየሆኑ በዕጣ ይመደቡ ነበር። ለዚሁ ተብሎ የስም ሰሌዳ የሚሰካበት ቀዳዳ ያለው የድንጋይ ዕጣ ማውጫ ተሠርቶ ነበር፤ ስባሪው ዛሬም በአቴና ቤተ መዘክር ይታያል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ዛሬ ዴሞክራሲ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ምርጫ ነው፤ ለአቴናውያን ግን የሥርዓቱ መለያ ዕጣ ነበር። አርስቶትል በምርጫ መሾምን የጥቂቶች አገዛዝ ጠባይ፣ በዕጣ መሾምን የሕዝባዊ አገዛዝ ጠባይ አድርጎ ይቆጥረዋል። ምክንያቱም ምርጫ ስመ ጥሩውንና ባለጸጋውን ስለሚያነሣ ነው። በምርጫ የሚሾሙት ልዩ ሙያ የሚጠይቅ ሥራ የያዙ፣ በተለይም ዐሥሩ የጦር አዛዦች ነበሩ። ሌላው መለያ ተጠያቂነት ነው፤ ማንኛውም ሹም ዘመኑን ሲጨርስ ሒሳቡን ያስመረምር ነበር፤ በእርሱ ላይ ክስ ለማቅረብም ማንኛውም ዜጋ መብት ነበረው።

ይህ ሁሉ «ለሕዝብ» ሲባል ሕዝቡ ማን እንደ ነበር አለመዘንጋት ነው። ሴቶች፣ ባሮች እና ነዋሪ የውጭ አገር ሰዎች ከሸንጎው ውጭ ነበሩ። ከ451 ጀምሮ በወጣው ሕግ ደግሞ ዜጋ ለመሆን አባትም እናትም አቴናውያን መሆን ነበረባቸው። ዕጣው የሚወጣው በሺዎች የሚቆጠሩ ባሮች በሚደክሙበት አገር ነበር።

ነቃፊው እና ሚዛን ጠባቂው

አቴና በ404 በስፓርታ ተሸነፈች፤ «ሠላሳዎቹ» የተባሉ ጨቋኞች ለጥቂት ወራት ገዙአት፤ በ403 ሕዝባዊው ሥርዓት ተመለሰ። አራት ዓመት ሳይቆይ፣ በ399፣ ያው ሥርዓት 500 ያህል ዳኞች በተቀመጡበት ችሎት ሶቅራጥስን በሞት ቀጣ። ደቀ መዝሙሩ ፕላቶ፣ በዐረብኛው አፍላጦን፣ በዚያ ጊዜ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ዐረቦች «ኪታቡስ ሲያሳ» በሚሉት መጽሐፉ ስምንተኛ ክፍል ሕዝባዊ አገዛዝ ከጥቂት ባለጸጎች አገዛዝ ፍርስራሽ ላይ ተወልዶ ለአምባገነን በር የሚከፍት መንግሥት ሆኖ የተሳለው ከዚህ ቁስል በኋላ ነው። በሥዕሉ ውስጥ ሁሉም እንዳሻው ይኖራል፤ ልጅ አባቱን፣ ተማሪ መምህሩን አይፈራም፤ ከተማይቱ በልዩ ልዩ ቀለም ያጌጠች ልብስ ትመስላለች።

የፕላቶ ተማሪ አርስቶትልም ሕዝባዊ አገዛዝን ከብልሹዎቹ መንግሥታት መድቦታል፤ ነገር ግን ከብልሹዎቹ ሁሉ ጉዳቱ የቀለለው ነው ብሏል። «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል ደግሞ ለብዙኀኑ የሚሟገት ክርክር አለ። የክርክሩ መንፈስ እንዲህ ነው፦ ብዙ ሰዎች አንድ በአንድ ሲታዩ ዐዋቂዎች ባይሆኑም በአንድነት ሲሰበሰቡ ግን ከጥቂት ዐዋቂዎች የተሻለ ሊፈርዱ ይችላሉ፤ ሁሉም እያዋጣ የሚያሰናዳው ግብዣ አንድ ሰው ብቻውን ከሚያሰናዳው ሊበልጥ እንደሚችል ማለት ነው። ደግሞም አንዳንድ ነገር ላይ ከሠሪው ይልቅ ተጠቃሚው የተሻለ ዳኛ ነው። ቤት ምቹ መሆኑን ከገንቢው ይልቅ የሚኖርበት ያውቃል፤ የወጥን ጣዕም የሚፈርደውም ተመጋቢው ነው።

እነዚህ ሁለት መጻሕፍት የደረሰባቸው ዕጣ ግን ለየቅል ሆነ።

በባግዳድ የተተረጎመ እና ያልተተረጎመ

በዐባሲዮች ዘመን በተካሄደው ታላቅ የትርጉም ሥራ የአርስቶትል የመንጢቅ፣ የተፈጥሮ እና የሥነ ምግባር መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ ገቡ። መንጢቅ የቀራ ሁሉ «ኢሳጉጂ» የሚለውን ስም ያውቀዋል፤ ቃሉ የግሪኩ የፖርፊርዮስ መግቢያ መጽሐፍ ስም ነው። የግሪክ ቅርስ ለመድረሳችን እንግዳ አይደለም ለማለት ያህል ነው። የፕላቶ መጽሐፍም በማጠቃለያዎችና በማብራሪያዎች በኩል ታወቀ፤ ኢብኑ ነዲም «አል-ፊህሪስት» በተባለው መዝገቡ ሑነይን ኢብኑ ኢስሓቅ (ሞት 873) እንደ ሠራበት ይጠቅሳል። የአርስቶትል «ፖለቲካ» ግን በዐረብኛ ሙሉ ትርጉም አላገኘም። ስለዚህ ሙስሊሙ ፈላስፋ ስለ ሕዝባዊ አገዛዝ ሲያስብ በእጁ ያለው የፕላቶ ክስ እንጂ የአርስቶትል መልስ አልነበረም።

ታዲያ አቡ ነስር አል-ፋራቢ (ሞት 339 ሂጅሪያ፣ 950 እ.ኤ.አ.) በዚህ ክስ ምን አደረገ? «አስ-ሲያሰቱል መደኒያ» በተባለው መጽሐፉ ከምግባረ መልካሟ ከተማ (አል-መዲነቱል ፋዲላ) ተቃራኒ የሆኑትን ከተሞች ሲዘረዝር፣ የመጀመሪያው ክፍል «የጃሂሊያ ከተሞች» ነው። ከእነዚህ አንዷ ኑሮን ማሸነፍ ብቻ፣ ሌላዋ ሀብት፣ ሌላዋ ደስታ፣ ሌላዋ ክብር፣ ሌላዋ የበላይነት የሚፈለግባት ናት። የመጨረሻዋ «አል-መዲነቱል ጀማዒያ» የምትባለው የፕላቶ ዴሞክራሲ ናት።

«ጃሂሊያ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ብዙ አንባቢን ያሳስታል። አል-ፋራቢ የሚናገረው ስለ ተክፊር አይደለም፤ የዓረቦችን የቅድመ ኢስላም ዘመንም አይደለም። በእርሱ አነጋገር ጃሂሊያ ከተማ ማለት ሰዎቿ እውነተኛውን የመጨረሻ ደስታ (ሰዓዳ) ሳያውቁ ሌላ ነገር እንደ ግብ የያዙባት ከተማ ናት። በዚህ መስፈሪያ የዘር ንጉሥ በጉልበት የሚገዛት ከተማም፣ ነጋዴ የሚመራት ከተማም ጃሂሊያ ናቸው። አንዳንድ የዘመናችን ጸሐፊዎች ከዝርዝሩ ውስጥ አንዲቱን ብቻ መዝዘው «ፋራቢ ዴሞክራሲን ጃሂሊያ ብሎታል» ሲሉ እውነቱን ቆርሰው እንጂ ሙሉውን አይናገሩም፤ የበላይነት የሚፈለግባት የጉልበት ከተማም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ናትና።

ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀው ገለጻው ነው። አል-ፋራቢ እንደሚለው በዚህች ከተማ ሰዎች እኩልና ነጻ ናቸው፤ የሚገዟቸው ሰዎች የሚገዙት በተገዢዎቹ ፈቃድ ነው፤ በእውነት ከታየም ገዢና ተገዢ የሚባል ልዩነት የለም። የፕላቶን የቀለማም ልብስ ምሳሌ እርሱም ይወስደዋል፤ ነገር ግን ከፕላቶ ዘንድ ስላቅ የነበረው በእርሱ ዘንድ ወደ አድናቆት ያዘነብላል። ከጃሂሊያ ከተሞች ሁሉ የምትደነቀውና የምትወደደው እርሷ ናት፤ ሁሉም ሕዝብ ይጎርፍባታል፤ የተለያየ ዘርና ጠባይ ያላቸው ሰዎች ይጋቡባታል፤ ነባሩ ከመጤው አይለይም። በዘመን ብዛት በውስጧ ጥበበኞች፣ ተናጋሪዎች እና ባለቅኔዎች ይነሡባታል። ከሌሎቹ ሁሉ በላይ መልካሙም ክፉውም የሚበዛው በእርሷ ነው። ቀጥሎም ምግባረ መልካሟን ከተማ ለመመሥረት ከሌሎቹ ይልቅ ኑሮን ለማሸነፍ ብቻ ከምትጥረውና ከዚህችኛዋ መነሣት እንደሚቀልል ይናገራል።

ይህን የጻፈው ሰው በአቴና አልኖረም፤ ሸንጎም አላየም። የኖረው በባግዳድና በሶርያ ነው። ከቱርክ፣ ከፋርስ፣ ከዐረብ፣ ከአርመን የመጣ ሰው በአንድ ገበያ የሚገናኝባትን ባግዳድ እያየ ይሆን የጻፈው? አይታወቅም። ጸሐፊው ግን መጽሐፉን ባነበበ ቁጥር ይህ ግምት ይመጣበታል።

ኢብኑ ሩሽድ እና ኮርዶባ

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በአንደሉስ ኢብኑ ሩሽድ (520-595 ሂጅሪያ) የፕላቶን መጽሐፍ አብራራ። ለምን የአርስቶትልን ትቶ የፕላቶን እንደ መረጠ ራሱ ይነግረናል፦ የአርስቶትል የፖለቲካ መጽሐፍ በእጁ አልደረሰም። ዛሬ የማብራሪያው ዐረብኛ ጠፍቶ ያገኘነው በ14ኛው መቶ ዓመት የተሠራውን የዕብራይስጥ ትርጉም ነው፤ ይህ ራሱ በእኛ የመጽሐፍ አያያዝ ላይ የሚሰጥ ምስክርነት አለው።

ኢብኑ ሩሽድ ፍልስፍናውን በሰማይ ላይ አልተወውም። የኮርዶባ ቃዲ የነበረ ሰው እንደ መሆኑ ከራሱ አገር ታሪክ ምሳሌ ያመጣል። ከ500 ሂጅሪያ በኋላ የከተማው አገዛዝ ወደ ሕዝባዊው ያዘነብል እንደ ነበር፣ ከ540 በኋላ ግን ወደ አምባገነንነት እንደ ተለወጠ ይጽፋል። ከአልሙራቢጦች መዳከም በኋላ የመጣውን ማለቱ ነው። በዚሁ ማብራሪያ በዘመኑ ከተሞች ሴቶች ከሥራና ከእውቀት ተነጥለው ለመውለድና ለማጥባት ብቻ መቀመጣቸውን የድህነት ምክንያት አድርጎ ይነቅፋል፤ የአቴና ሸንጎ እንኳ ያልጠየቀው ጥያቄ ነው።

እንግዲህ ያ ያልደረሰው መጽሐፍ የት ሄደ? በ1260 ገደማ ዊልያም የተባለው የሞርቤከ ሰው ከግሪክኛ ወደ ላቲን ተረጎመው። ቶማስ አኲናስ አብራራው። በ1324 የፓዱዋው ማርሲልዮስ መጽሐፉን ይዞ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የሕዝቡ ወይም የሚበልጠው ክፍል ነው ብሎ ለመከራከር ተጠቀመበት። የአውሮፓ የኋላ ዘመን ምክር ቤቶች ከዚህ አንድ መጽሐፍ ብቻ አልመነጩም፤ የንጉሥና የመኳንንት ግጭት፣ ግብር፣ የሃይማኖት ጦርነት የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። በ1787 የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ካረቀቁት አንዱ ማዲሰን እንኳ የሚፈልገው «ሪፐብሊክ» እንጂ «ዴሞክራሲ» አይደለም ብሎ ይከራከር ነበር። ቢሆንም የብዙኀኑ ፍርድ ከጥቂቶች ሊሻል ይችላል የሚለው ክርክር እዚያ ዘንድ ጽሑፍ ነበረው፤ እኛ ዘንድ አልነበረም።

ሹራ በፉቀሃእ ዘንድ

ፈላስፎቹ የጻፉት በፉቀሃእ ዘንድ ብዙም አልተሰማም። ኢብኑ ኸልዱን (ሞት 808 ሂጅሪያ) «አስ-ሲያሰቱል መደኒያ» የሚሉት ነገር በተግባር የማይገኝ፣ በግምት የሚነገር ነው ብሎ ያልፈዋል። የፉቀሃእ መነሻ ሌላ ነበር፤ እርሱም ቁርኣን፣ ሱና እና የሰሓቦች ታሪክ ነው።

የመመካከር ትእዛዝ በሱረቱ ኣሊ ዒምራን 159 ላይ የሚገኝ ሲሆን የወረደው ከኡሑድ በኋላ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከተማ ውስጥ መቆየትን ቢመርጡም ወጥተን እንግጠም ያሉትን ሰዎች ሐሳብ ተቀበሉ፤ ውጤቱም ሽንፈት ሆነ። ትእዛዙ የመጣው ምክክሩ ጉዳት ካስከተለ በኋላ መሆኑ ሊጤን ይገባዋል። ዑመር (ረ.ዐ) በዕድሜያቸው መጨረሻ በመዲና ሚንበር ላይ፣ ያለ ሙስሊሞች ምክክር የሚሰጥ በይዓ ተቀባይነት እንደሌለው አስጠንቅቀዋል። በ23 ሂጅሪያ በቆሰሉ ጊዜ ጉዳዩን ለስድስት ሰሓቦች ሰጡ፤ ልጃቸው ዐብዱላህ ይገኛል፣ ከሹመቱ ግን ድርሻ የለውም አሉ። ዐብዱርራሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ራሳቸውን ከዕጩነት አውጥተው ሌሊቱን ሳይቀር ሰዎችን ሲያማክሩ እንደ ነበር በቡኻሪ ዘገባ ይታወቃል።

ከዚህ ታሪክ ፉቀሃእ ሥርዓት ለማውጣት ሲሞክሩ ምን እንደ ገጠማቸው አል-ማወርዲ (ሞት 450 ሂጅሪያ) «አል-አሕካሙስ ሱልጣኒያ» ላይ በግልጽ አስቀምጦታል። ኢማም ለመሾም ስንት የ«አህሉል ሐሊ ወል ዐቅድ» ሰዎች ያስፈልጋሉ? ከየአገሩ ብዙኀኑ ያስፈልጋሉ ያሉ ነበሩ። አምስት ይበቃል ያሉ ነበሩ። እንደ ኒካሕ ሦስት ይበቃል፣ አንዱ አስሮ ሁለቱ ይመሰክራሉ ያሉ ነበሩ። አንድ ሰውም ይበቃል ያሉ ነበሩ። «ከየአገሩ ብዙኀኑ» እና «አንድ ሰው» በአንድ ገጽ ላይ እንደ ኺላፍ ሲቀመጡ፣ ጉዳዩ በነስ ያልተወሰነ የኢጅቲሃድ ጉዳይ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ሹራና ዴሞክራሲ አንድ ናቸው የሚሉትም ተቃራኒ ናቸው የሚሉትም የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሹራ በመሪው ላይ የተጣለ ግዴታ ነው፤ የአቴናው ዴሞክራሲ ደግሞ የአሠራር ስብስብ ነው፤ ዕጣ፣ የተወሰነ የሥልጣን ዘመን፣ የሒሳብ ምርመራ፣ ማንም ሊያቀርበው የሚችል ክስ። ግዴታን ከአሠራር ጋር አነጻጽሮ አንድ ነው ወይም ተቃራኒ ነው ማለት አይቻልም። ሊጠየቅ የሚገባው ግዴታው በምን አሠራር ይፈጸማል የሚለው ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ሹሞቻቸውን ሲሾሙ ሀብታቸውን እንደሚመዘግቡ፣ ሲሽሩም ትርፉን እንደሚመረምሩ ተዘግቧል። ይህ ከአቴናው ምርመራ ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ የዑመር ምርመራ በዑመር ተቅዋ ላይ የቆመ መሆኑ ነው፤ ከእርሳቸው በኋላ በየዘመኑ የቀጠለ ቋሚ አሠራር አልሆነም። በሰው ላይ ሹም የሚያደርሰውን በደል የሚሰማው የመዛሊም ችሎትም ቢሆን የሚቀመጥበት ገዢው ራሱ ወይም የሾመው ሰው ነበር።

በ19ኛው መቶ ዓመት

ጥያቄው እንደገና የተነሣው ሙስሊም አገሮች በአውሮፓ ጉልበት ፊት ሲቆሙ ነው። የአዝሃሩ ሪፋዓ አጥ-ጠህጣዊ በ1826 ከግብፅ ተማሪዎች ጋር ወደ ፓሪስ የተላከው ኢማማቸው ሆኖ ነበር። አምስት ዓመት ቆይቶ ሲመለስ የፈረንሳይን ሕገ መንግሥት ወደ ዐረብኛ መልሶ በ1834 ባሳተመው መጽሐፉ አስገባው። እነርሱ «ሑሪያ» የሚሉትን እኛ ፍትሕና ርትዕ (ዐድል ወኢንሷፍ) የምንለው ነው ሲል አስረዳ። ቱኒስ በ1861 ሕገ መንግሥት አወጣች፤ በ1864 ታገደ። ኸይረዲን አት-ቱኒሲ በ1867 ባሳተመው መጽሐፍ የአውሮፓ ብልጽግና ምክንያት የገዢው ሥልጣን በሕግና በምክክር መገደቡ መሆኑን፣ ይህም ከሸሪዓ ጋር የማይጋጭ መሆኑን ተከራከረ። የዑስማኒያ ሕገ መንግሥት በ1876 ታወጀ፤ በ1878 ታግዶ በ1908 ተመለሰ።

በ1906 በኢራን የተነሣው የመሽሩጣ ንቅናቄ ዑለማኡን ለሁለት ከፈለ። የሺዓው መርጀዕ ሙሐመድ ሑሴን ናኢኒ በ1909 «ተንቢሁል ኡማ» በተባለው መጽሐፉ ያቀረበው ማስረጃ ከፋራቢም ከአርስቶትልም የተወሰደ አይደለም፤ የፊቅህ ማስረጃ ነው። በደልን ሙሉ በሙሉ ማስወገድ ካልተቻለ መቀነስ ግዴታ ነው፤ የገዢን እጅ የሚያስር ሕግና የሚመረምረው የተመረጠ ጉባኤ በደልን ይቀንሳል፤ ስለዚህ መቆማቸው ግዴታ ነው። ተቃዋሚዎቹም ዑለማእ ነበሩ፤ የእነርሱም ጽሑፍ አለ። የአርስቶትል «ፖለቲካ» ደግሞ በዐረብኛ ታትሞ ለካይሮ አንባቢ የቀረበው በ1947 ሲሆን፣ ተርጓሚው አሕመድ ሉጥፊ አስ-ሰይድ የተረጎመው ከግሪክኛው ሳይሆን ከፈረንሳይኛ ነበር።